«ሄጄ ነበር» ያለችው ሴት ናት፦ ለአማርኛ ትርጉም ሠራተኞችና ለፊልም ምሽት አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በለንደን፣ በቴል አቪቭና በሌሎችም ከተሞች ፊልም ወደ አማርኛ ለምትመልሱና ለማኅበራችሁ ፊልም ለምታሳዩ ሁሉ፤

እንደምን ከረማችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በምኖርበት ከተማ አንድ ማኅበር የደቡብ እስያ አጫጭር ፊልሞች ምሽት አዘጋጅቶ ነበር። ፊልሞቹ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርንና የትራንስ ሰዎችን (ሲወለዱ የተሰጣቸውን ጾታ የእኔ ነው የማይሉ ሰዎችን) ሕይወት የሚያሳዩ ናቸው። የአማርኛውን የግርጌ ጽሑፍ እንድሠራ ተጠየቅኩ፤ ሠራሁ። በሁለተኛው ፊልም ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ወጥ ቤት፣ አንድ ልጅ አባቱ ፊት ቆሞ አጭር ነገር ይናገራል። አባትየው ወደ አፉ ሊወስደው የነበረው የሻይ ብርጭቆ አየር ላይ ቀረ። ከታች የእኔ አማርኛ «ትናንት ሄጄ ነበር» ይላል። አዳራሹ ጭጭ አለ። ሰውየው ምን አስደነገጠው? መሄዱ ምን ይገርማል?

ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት እህት ግን «ውይ!» አለች፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማት። «‹ጋዪ ቲ› እኮ ነው ያለው! ሴት ነኝ እያለ ነው።» ትንሽ ዝም አለችና «እያለች ነው» ብላ ራሷን አረመች።

ይህቺ እህት ዱባይ ውስጥ በሕንዶች ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሂንዲ የተማረችው ከምድጃ አጠገብ ነው፤ ከእመቤቲቱ፣ ከሾፌሩ፣ ከልጆቹ አፍ። ማንበብ አትችልም፤ ጆሮዋ ግን ከእኔ መዝገበ ቃላት በለጠ። ሂንዲ ሲናገር ወንድ «ሜ ጋያ ታ» ይላል፣ ሴት «ሜ ጋዪ ቲ» ትላለች። ሁለቱም «ሄጄ ነበር» ማለት ናቸው። ያ ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱ ፊት ግሡን በሴት አንቀጽ ተናገረ። ፊልሙ የተሠራው ለዚያች አንዲት ድምፅ ነው። እኔም ሳላያት አለፍኩ፤ የሠራሁት ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ነበርና። እንግሊዝኛው ጾታውን ዋጠው፤ እኔ ደግሞ የተዋጠውን ተረጎምኩ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው። እናንተም እንደኔ ከእንግሊዝኛ እየሠራችሁ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

ችግሩ ግን በእኔ ብቻ አላበቃም። በዚያው ፊልም ሌላ ቦታ ላይ ገጸ ባሕሪው «ሃም ጄሴ ሎግ» ይላል፤ «እንደኛ ያሉ ሰዎች» ብዬ ጻፍኩት። አዳራሹ ውስጥ ማያው ላይ ያየሁት ግን «ሰዶማውያን» የሚል ነበር። ፋይሉን የተቀበለኝ ሰው «ለሕዝቡ ግልጽ እንዲሆን» ብሎ ቀይሮታል፤ ሳይነግረኝ። ጓደኛዋ ያችን ልጅ «አንቺ» ብላ የምትጠራበትንም «አንተ» አድርጎታል፤ «ስሕተት መስሎኝ ነው» አለኝ በኋላ። የማኅበሩን ስም አላነሣም፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን አስቡት፦ ፊልም ሠሪው «እንደኛ» ሲል በአንዲት ቃል ውስጥ ወዳጅነትን፣ ፍርሃትን፣ መተሳሰብን አኑሯል። እኛ ያንን አውጥተን የእርግማን ቃል ተክተን፣ እሱ በራሱ አፍ ራሱን እንዲረግም አደረግነው። ይህ ትርጉም አይደለም። በሰው አፍ የሐሰት ምስክርነት መስጠት ነው።

እኛ ከሕንድ ፊልም ጋር የቆየ ዝምድና አለን። መርካቶ ሲኒማ ራስ ገብተው በመሀረብ እንባቸውን እየጠረጉ የወጡ እናቶች አሉን፤ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ዘፈኑን ቃል በቃል ሳያውቁ በዜማው የሸመደዱ ልጆች ነበሩን። ቋንቋውን ባንሰማም ለቅሶው ይገባን ነበር። የትልቁ ፊልም ለቅሶ ለማንም ይገባል፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከነሙዚቃው ይነግርሃል። አጭሩ ፊልም እንደዚያ አይደለም። አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ አሥራ ስድስት ደቂቃ ብቻ አለው። አንዲት የግሥ መድረሻ ከጠፋች ፊልሙም አብሮ ይጠፋል።

ደግሞም በደቡብ እስያ ይህ ታሪክ በብዛት የተነገረው በአጭር ፊልም ነው፤ ምክንያት አለው። በሕንድ በ1952 በወጣው የሲኒማቶግራፍ ሕግ መሠረት ማንኛውም ፊልም ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ከፊልም መርማሪው ቦርድ የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልገዋል። ረጅም ፊልም ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ሲኒማ ቤት ይፈልጋል፤ ሲኒማ ቤት ወረቀት ይፈልጋል። የጓደኛ ካሜራ፣ የአክስት ቤት፣ ሁለት የእረፍት ቀን ይዞ የሚሠራ ሰው ግን ወረቀቱን ሳይለምን መሥራት ይችላል። ሪያድ ዋዲያ በ1996 «ቦምጌይ»ን እንዲህ ሠራው። ርዝመቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲሆን የተነሣው ከገጣሚው አር. ራጅ ራኦ ግጥሞች ነው፤ በሕንድ የመጀመሪያው የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ፊልም ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ዋዲያ ከትልቅ የፊልም ቤተሰብ የተወለደ ነው፤ ያም ሆኖ ይህን ፊልም ለሳንሱር አላቀረበውም። ሽሪዳር ራንጋያን በ2003 የሠራው የአርባ ደቂቃ ፊልም «ጉላቢ አይና» («ሮዝ መስታወት» ማለት ነው) ደግሞ ለቦርዱ ቀርቦ ተከለከለ። እነዚህ ሁሉ ሲሠሩ እንግሊዞች በ1860 የጻፉት፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ያደረገው አንቀጽ 377 በሥራ ላይ ነበር።

ያ አንቀጽ የተጓዘበትን መንገድ ማወቅ ፊልሞቹን ለመረዳት ይጠቅማል። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2009 ሻረው፤ የላይኛው ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2013 መልሶ አጸናው፤ በመጨረሻ በመስከረም 6 ቀን 2018 ያው የላይኛው ፍርድ ቤት በፈቃደኛ አዋቂዎች መካከል የሚሆነውን ወንጀል አይደለም አለ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ በ2012 የተሠራ ፊልምና በ2015 የተሠራ ፊልም አንድ ዓይነት ፍርሃት አይናገሩም። በመጀመሪያው ውስጥ በር ሲንኳኳ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ፖሊስ። ተርጓሚ ይህን ካላወቀ «ማነው?» የሚለውን ቃል በምን ድምፅ እንደሚጽፈው አያውቅም።

በ2010 ሙምባይ ውስጥ ራንጋያን «ካሺሽ» የተባለውን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና የትራንስ ሰዎች የፊልም ፌስቲቫል መሠረተ። ካሺሽ በኡርዱ መሳብ፣ ስበት ማለት ነው፤ ልብን ወደ ልብ የሚጎትት ነገር። ስሙን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ክርክር የለውም፣ መፈክር የለውም። ካሺሽ ፊልም ማሳየት ብቻ ሳይሆን ለጀማሪዎች የሥራ ገንዘብም ይሰጣል። በዚያ ድጋፍ ከተሠሩት አንዱ የሮሃን ካናዋዴ «ኡ ኡሻቻ» ነው፤ በ2019 የወጣ የማራቲ ቋንቋ ፊልም። ኡሻ ያልተማረች የቀን ሠራተኛ ናት፤ ከእርሻ ላይ ትውላለች፤ ልጆቿን ለብቻዋ ታሳድጋለች። በመንደሩ ትምህርት ቤት የምታስተምረውን ሴት ስታይ ልቧ ይነሣል፤ ከዚያም መጻፍ መማር ትፈልጋለች። ርዕሱ የልጆች ፊደል መቁጠሪያ አባባል ነው። እንግሊዝኛው በላቲን ፊደል አድርጎታል፤ እኛ ግን በላቲን ማለፍ አያስፈልገንም። የእነሱም ፊደል እንደኛው ድምፅን በየቅርጹ የሚይዝ ነው፤ የእኛም ልጆች በጣታቸው እየጠቆሙ ነው የሚቆጥሩት። «ኡ ብሎ ኡሻ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ይህን ርዕስ ለእናቴ ብነግራት ፊልሙን ሳታይ ግማሹ ይገባታል፤ እሷም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ማታ ማታ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። ካናዋዴ ያደገው በሙምባይ ድሃ ሰፈር ነው፤ አባቱ ሾፌር ነበር። በ2025 የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ «ሳባር ቦንዳ» በሰንዳንስ ፌስቲቫል ለዓለም አቀፍ ድራማዎች የሚሰጠውን ታላቁን የዳኞች ሽልማት አገኘ። አጭሩ ፊልም ባይኖር ረጅሙ አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በፓኪስታንም እንዲሁ ነው። ሳይም ሳዲቅ ረጅም ፊልሙን «ጆይላንድ»ን ይዞ በ2022 ካን ፊልም ፌስቲቫል ከመግባቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ2019፣ «ዳርሊንግ» የተባለ አጭር ፊልሙ በቬኒስ ፌስቲቫል ኦሪዞንቲ በተባለው ክፍል የምርጥ አጭር ፊልም ሽልማትን ወስዶ ነበር። ቦታው ላሆር ውስጥ ያለ የጭፈራ ቲያትር ነው። ለመሥዋዕት የታሰበ ፍየል ጠፍቷል፤ አዲስ ትርዒት ሊከፈት ነው፤ አንዲት ትራንስ ልጅ ዋና ዳንሰኛ መሆን ትፈልጋለች። ተዋናይቷ አሊና ኻን ራሷ ትራንስ ሴት ናት። እንግዲህ የዚህን ፊልም ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው «ዩ» እየተረጎምክ ነው እንበል። ልጅቷን የሚወዳት ልጅ ሲያናግራት «አንቺ» ነው የምትለው። አስተዳዳሪው ሲያናግራትስ? ንቆ «አንተ» ይላታል ወይስ ለሥራው ሲል «አንቺ»? ኡርዱው ግሡ ላይ ይነግርሃል፤ አማርኛ ደግሞ በግድ አንዱን እንድትመርጥ ያስገድድሃል። እንግሊዝኛው ብቻ ነው መሐል ቆሞ ዝም የሚለው። ለእኛ ከእንግሊዝኛ መተርጎም ማለት ከሦስቱ ቋንቋዎች ምንም ከማያውቀው መጠየቅ ነው።

ቤንጋሊ ደግሞ በተቃራኒው ያስቸግራል። በቤንጋሊ እሱና እሷ አንድ ቃል ናቸው፤ ግሡም ጾታ አይለይም። ስለዚህ ከኮልካታ ወይም ከዳካ የሚመጣ ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት ስለምትወደው ሰው ግማሽ ሰዓት ስታወራ እናቷ «ማን ይሆን?» ሳትል ልትቆይ ትችላለች። አማርኛው ላይ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «እሷ» ብትጽፍ ምስጢሩን አወጣህባት፤ «እሱ» ብትጽፍ ዋሸህ። እኔ ይህን ሲያጋጥመኝ ወደ አንቱታው እሸሻለሁ፤ «እሳቸው» ጾታ የለውም፤ ግን ለወጣት ፍቅረኛ ከሩቅ ይሸታል። ሌላው መንገድ ስሙን መጥራት ነው፤ ወይም «የኔ ሰው»፣ «ያልኩሽ ሰው» እያሉ መሄድ። «የኔ ሰው» በአማርኛ ያለው ሙቀት ይገርማል፤ ጾታም የለበትም፤ ከአፋችን የማይጠፋ ነው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ድሃ ነው የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ አልስማማም። እናቶቻችን ወንድ ልጃቸውን «ነይ እስቲ፣ የኔ ቆንጆ» አይሉም? አያቶች ሴት ልጅን በፍቅር «አንተ ልጅ» አይሉም? ጓደኛሞች ወንዶች ሲቀላለዱ «አንቺ» አይባባሉም? ፍቅር ሲበዛ ጾታውን የምናዞር ሕዝብ ነን። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሂጅራዎች (ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ የደቡብ እስያ ማኅበረሰብ አባላት) በሴት አንቀጽ ሲጠራሩ፣ «ስሕተት ነው» ብሎ የሚያርም ሰው የራሱን ቤት ቋንቋ የረሳ ነው። በ«ጉላቢ አይና» ውስጥ ሁለቱ ጓደኛሞች ሲሰዳደቡ እንኳ በሴት አንቀጽ ነው። «አንቺ እባብ!» ካልተባለ ስድቡም ፍቅሩም አይወጣም።

ስለ «ሂጅራ» አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ «ስልብ» የሚለውን ቃል ያደርግበታል፤ አማርኛውም ተከትሎ «ጃንደረባ» ወይም «ፍናፍንት» ይላል። «ፍናፍንት» ሌላ ነገር ነው፤ በተፈጥሮ ስለሚወለድ አካል ነው፤ ስድብም ሆኖ ቆይቷል። «ጃንደረባ»ን ግን ብዙ አስቤበታለሁ። በሐዋርያት ሥራ ላይ ሠረገላ ውስጥ ተቀምጦ ኢሳይያስን የሚያነበው ጃንደረባ የእኛ ሰው ነው፤ ቃሉ በቤተ ክርስቲያን ክብር አለው። በሙጋሎች ቤተ መንግሥትም «ኸዋጃ ሲራ» የሹመት ስም ነበር፤ ዛሬ በፓኪስታን ያሉት ራሳቸውን በዚያ ስም መጥራት ጀምረዋል። ዝምድናው ልብ ይነካል። ሆኖም «ስልብ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከቤተ መንግሥት አውጥቶ የፖሊስ መዝገብ ላይ የጻፈው የ1871ዱ የ«ወንጀለኛ ጎሳዎች» ሕግ ነው፤ ሂጅራዎችን በስም እየመዘገበ እንደ ተጠርጣሪ ያስጠብቅ ነበር። በዚያ መንገድ የመጣን ቃል ይዤ ወደ አማርኛ መግባት አልፈልግም። ሂጅራም የተሰለበ ሰው ብቻ ማለት አይደለም፤ መምህርና ደቀ መዝሙር፣ ቤትና ሥርዓት ያለው ማኅበረሰብ ነው። ስለዚህ «ሂጅራ» ብዬ እተወዋለሁ። «ሳሪ»ን ሳንተረጉም ተቀብለን የለም? ታሚሎች ለትራንስ ሴት «ቲሩናንጋይ» የሚል የክብር ቃል አላቸው፤ እሱንም እንዳለ ጻፉት። ሰዎች ለራሳቸው ስም ካወጡ ሥራችን መስማት ነው።

ለፍቅር የመረጡት ቃልም አለ፤ «ኹሽ»። በሂንዲና በኡርዱ ደስተኛ ማለት ነው። ፕራቲባ ፓርማር በ1991 በብሪታንያ፣ በሰሜን አሜሪካና በሕንድ ስላሉ፣ የራሳቸውን ጾታ ስለሚያፈቅሩ የደቡብ እስያ ተወላጆች የሠራችው አጭር ዘጋቢ ፊልም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። ከስደት ቃል ፈልገው፣ ከእናት ቋንቋ ውስጥ «ደስታ»ን አንሥተው ራሳቸውን ሰየሙበት። አዲስ አበባ ውስጥም ራሳቸውን «ዜጋ» ብለው የሚጠሩ እንዳሉ ጥናቶች ጽፈዋል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ሕዝቦች የሰጧቸውን ስድብ ትተው የመረጡት ቃል ምን እንደሆነ። አገራችን ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል የሚያደርገው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እንዳለ አውቃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ በውጭ ለምትኖሩት የጻፍኩትም ማንንም አደጋ ላይ ላለመጣል ነው።

ስለ አደጋ ከተነሣ፣ ለአዘጋጆች የምለምነው አለ። ከባንግላዴሽ የሚመጣ ፊልም ስታሳዩ የሠሪዎቹን ፈቃድ ሳታገኙ ቁራጭ ቪዲዮ አትልቀቁ፤ ተዋንያኑን በምስል ለይታችሁ አትለጥፉ። በባንግላዴሽ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ይጽፍ የነበረው የ«ሩፕባን» መጽሔት አዘጋጅ ዙልሃዝ ማናን ከጓደኛው ማህቡብ ራቢ ቶኖይ ጋር በሚያዝያ 2016 ዳካ ውስጥ በገዛ ቤቱ ተገደለ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ፊልም የሠራ ሰው ስሙ የተጻፈበትን እያንዳንዱን ቦታ ይቆጥራል። እኛ በሰላም አገር ተቀምጠን ለማስታወቂያ ስንል ፊቱን ብናወጣው ምን መልስ አለን?

ሌላው ክፍያ ነው። ከድምፁ የሚሰማ ሰው ቅጠሩ። ሩቅ አትሂዱ፤ በየማኅበራችን ውስጥ ከዱባይ፣ ከቤይሩት፣ ከሪያድ ተመልሰው ወይም አልፈው የመጡ፣ ሂንዲና ኡርዱ በጆሮ የሚያውቁ ሴቶች አሉ። ያን ያህል ዓመት የሰው ቤት ደክመው ያመጡት ዕውቀት ነው፤ «ዲግሪ የላትም» ብላችሁ አትለፏቸው። አጠገባችሁ አስቀምጧቸው፤ ፊልሙን አስቁማችሁ ጠይቁ፤ ለሰዓቱ ክፈሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ፊልም ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም።

ጽሑፉንም ከተረከባችሁ በኋላ ቃል አትቀይሩ። ካልተስማማችሁ ተርጓሚውን ጥሩት፣ ተከራከሩት። ነገር ግን ማያው ላይ የሚወጣው ሰውየው የተናገረው ይሁን። ተመልካቹ ፊልሙን ካየ በኋላ የፈለገውን ይበል፤ መፍረዱ የእሱ ነው። እኛ ግን ገና ሳያይ አንፍረድበት።

መተርጎም የማያስፈልገውንም ተዉት። በ2021 ኒራጅ ጋይዋን በሠራው አጭር ፊልም ውስጥ (ይኼኛው በትልቅ ኩባንያ የወጣ ነው) አንዲት የዳሊት ሴት (ዳሊት በሕንድ የዘር መደብ «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት ናቸው) የምትወዳት ሴት ቤት ሄዳ ሻይ ይቀርብላታል፤ የሌሎቹ በሸክላ ስኒ፣ የእሷ በብረት ኩባያ። ማንም ምንም አይልም። ለቀጥቃጭና ለሸክላ ሠሪ የተለየ ዋንጫ ይቀመጥበት ከነበረ አገር ለመጣ ሰው ከታች ምንም መጻፍ አያስፈልግም። የፋራዝ አሪፍ አንሳሪ «ሲሳክ» ደግሞ ጭራሽ ንግግር የለውም፤ ሁለት ወንዶች በሙምባይ የከተማ ባቡር ውስጥ በየማታው ይተያያሉ፣ በቃ። ርዕሱ የታፈነ ለቅሶ ማለት ነው። «ሲቃ» ብዬዋለሁ፤ ድምፁም ቀረብ ይላል።

ያቺን እህት ከዚያ ምሽት በኋላ ፈልጌ አገኘኋት። አሁን አብረን ነው የምንሠራው፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የመጀመሪያ ሥራችን ያንን የወጥ ቤት ትዕይንት እንደ ገና ማስተካከል ነበር። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። «ሄጄ ነበር» ላይ ጾታ መጨመር አይቻልም፤ ግሡ እምቢ ይላል። «እኔ ሴቲቱ ሄጄ ነበር» አልን፤ ንግግር አልመስል አለ። «ልጅህ» የሚለውን አስገባን፤ እሱም ጾታ የለውም። በመጨረሻ እሷ «አባባ፣ እኔ ልጅትህ ትናንት ሄጄ ነበር» ብላ ከንፈሯን ነከሰችና «እንዲህ ብዬ አባቴን ባናግረው እንደዚያ ሰውዬ ነው ብርጭቆው እጁ ላይ የሚቀረው» አለች። እንደዚያው ጻፍነው። ጽሑፉ ማያው ላይ የሚቆየው ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው። ፋይሉ እኔ ዘንድ አለ፤ ሠሪው ፈቅዶላችሁ ፊልሙን ማሳየት ለምትፈልጉ ያለ ክፍያ እልካለሁ፤ አንድም ቃል ላለመቀየር ቃል ከገባችሁልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእናንተው የትርጉም ሠራተኛ